ማክበርና መድፈር፦ በቤንሻንጉል ምድር የጥልቅ አክብሮት ትርጉም

አማርኛ «አከበረ» የሚለውን ግሥ በብዙ ቦታ ያውለዋል። ታላቅ ሰው ይከበራል፤ ሕግ ይከበራል፤ በዓል ይከበራል፤ ቃል ኪዳን ይከበራል፤ ድንበርም ይከበራል። ወደ ሥረ ቃሉ፣ ወደ «ከበረ»፣ ስንወርድ ደግሞ ሌላ መልክ እናገኛለን። ነግዶ የቀናው ሰው ከበረ ይባላል፤ ባለጸጋው ከበርቴ ነው፤ ወርቅና ብር የከበሩ ማዕድናት፣ አልማዝና ኦፓል የከበሩ ድንጋዮች ናቸው። እንግዲህ አንዱ ቃል ሁለት ፊት ይዞ ይኖራል። በአንዱ ፊት ዋጋና ሀብት አለ። በሌላው አንገት የሚያስደፋ፣ ድምፅ የሚያስቀንስ፣ ጫማ የሚያስወልቅ ጥልቅ አክብሮት አለ። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል፦ ማክበር ለአንድ ነገር ከፍ ያለ ዋጋ መስጠት ነው፤ ጥልቅ አክብሮት ደግሞ ከሁሉ የላቀ ዋጋ መስጠት ነው ይላል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ይህ አነጋገር ቃሉን ያጎድለዋል ብዬ ነው። ጥልቅ አክብሮት የሚለካው ማድረግ እየቻልን በምንተወው ነገር ነው። ለዚህም ምስክር የማቆመው ስሙ ራሱ ከአንድ የተከበረ ድንጋይ የመጣ አገር ነው፤ አሶሳን መዲናው ያደረገው ቤንሻንጉል ጉሙዝ።

የአንድ ቃል ልክ ከተቃራኒው ይታወቃል። የማክበር ተቃራኒ ምንድን ነው ቢባል አብዛኞቻችን «መናቅ» ብለን እንመልሳለን። ንቀት ግን በልብ ተጀምሮ በልብ ሊያልቅ ይችላል፤ ሰው ጎረቤቱን እየናቀ ዕድሜውን ሙሉ ክፉ ሳይሠራበት ሊኖር ይችላል። ክብር በእርግጥ ሲነካ አማርኛ የሚያነሣው ጠንካራ ቃል «ተደፈረ» የሚል ነው። አገር ተደፈረ፣ ድንበር ተደፈረ፣ መቅደስ ተደፈረ፣ ሴት ልጅ ተደፈረች እንላለን። በዓል ሲሆን «ተሻረ»፣ ሕግ ሲሆን «ተጣሰ»፣ ቃል ኪዳን ሲሆን «ፈረሰ» ይባላል። ጠላት ወሰን አልፎ በገባ ጊዜ «ድንበራችን ተናቀ» ብሎ የሚያበቃ የለም፤ ነገሩ ከስሜት አልፎ ድርጊት ሆኗልና። እነዚህ ቃላት ሁሉ በአንድ ሐሳብ ይገናኛሉ። የሚያወሩት እጅ ሊያልፈው ስለማይገባ ወሰን ነው። ማክበር የእነዚህ ሁሉ ተቃራኒ ከሆነ፣ ፍሬ ነገሩ ወሰኑን አውቆ ከዚያ መቆም ነው። ማድነቅ፣ መውደድ፣ ማሞገስ ከአክብሮት ጋር ሊመጡ ይችላሉ፤ ያለ አክብሮትም ይመጣሉ። ሰው የሚያደንቀውን ነገር ሊሰርቅ፣ የሚወደውን ሊያስገድድ ይችላልና።

በዓል የማክበርን ነገር ብቻ ብንመረምር ይህ ግልጥ ይሆናል። ለገበሬው በዓል ማክበር ማለት ከሁሉ በፊት ሥራ መተው ነው፤ ሞፈርና ቀንበር ይቀመጣሉ፣ በሬው ያርፋል፣ ማጭድ አይነሣም። የሚደግሰው ያጣ ድኻ እጁን ከሥራ ከሰበሰበ በዓሉን አክብሯል። ሰፊ ድግስ ደግሶ ማሳው ላይ ሲያርስ የዋለ ግን ጎረቤቱ «ሻረ» ይለዋል። ድግሱ የክብሩ ማጌጫ ነው፤ ክብሩ መታቀቡ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታቦት የሚከበረው እንዲሁ ነው፤ ሕዝቡ በጥምቀት በእልልታ ያጅበዋል፣ ይሰግድለታል፣ ነገር ግን ታቦቱ በመጎናጸፊያ እንደተሸፈነ ያልፋል፤ ምእመን አያየውም፣ አይነካውምም። ሙስሊሙም ቁርኣንን ከማንሣቱ በፊት ዉዱእ ያደርጋል። በዐረብኛ አክብሮት «ኢሕቲራም» ይባላል፤ የተከለከለው «ሐራም» ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። በመካና በመዲና ዙሪያ ያለው የተቀደሰ ክልል «ሐረም» መባሉም ከዚሁ ነው፤ በዚያ ክልል ማደንና ዛፍ መቁረጥ ተከልክሏል። የግዕዙ «ሐረመ» የዚህ ሥር ወንድም ነው፤ የአማርኛው «እርም» ደግሞ ልጁ ነው። ዐረብኛ ለዘመናት የሃይማኖትና የገበያ ቋንቋ ሆኖ በኖረባት፣ አማርኛም የሥራ ቋንቋ በሆነባት አሶሳ ሁለቱ ዘመዳሞች ጎን ለጎን ይሰማሉ። ሁለቱም ክብርንና ክልከላን ከአንድ ቤት ያወጧቸዋል።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ። ጣሊያናዊው የታሪክ ምሁር አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 የዚህን ምድር ታሪክ በመጽሐፍ አሳትሟል። እርሱና ሌሎች አጥኚዎች እንደሚያስረዱት የአገሩ ነባር ስም «ቤላ ሻንጉል» ነው። በአገሩ ነባር ሕዝብ፣ በበርታዎች ቋንቋ «ቤላ» ዐለት ወይም ድንጋይ ማለት ነው፤ ስሙም በመንጌ አካባቢ በተራራ ላይ ከሚገኝ ቅዱስ ድንጋይ የተወሰደ ነው። ከሱዳን በኩል የመጡ ዐረብኛ ተናጋሪዎች ይህን ስም በለመዱት ቅርጽ ሰሙት፤ «ቤላ»ን «ቤኒ» አሉት። «ቤኒ» በዐረብኛ «የእገሌ ልጆች» ማለት ነው። በዚህ መንገድ የዐለት ስም የነገድ ስም መሰለ፤ ሻንጉል የሚባል አንድ አባት የነበረ፣ ሕዝቡም የእርሱ ዘር የሆነ ይመስል። ለውጡ ከድምፅ ያለፈ ነው። ነገድ ሰውን በዘር ይሰበስባል፤ የተከበረ ዐለት የሚሰበስበው ግን በጋራ ጥንቃቄ ነው። አገርን በንጉሥ፣ በአባት ወይም በድል መሰየም በዓለም የተለመደ ነው። በርታዎች ግን ተራራ ላይ በቆመና ለገበያ በማይወጣ ነገር ጠሩት። ባሪያ ፈንጋዮች በሚመጡበት ዘመን ድንጋያማ ተራሮች ለዚህ ሕዝብ መሸሸጊያ እንደነበሩ ስናስታውስ፣ ዐለት በዚህ ምድር ይህን ያህል ክብር ማግኘቱ አያስደንቅም።

የዚህን ድንጋይ ክብር ለመረዳት በዚያው ምድር ከሚገኘው ከሌላው የከበረ ነገር፣ ከወርቁ፣ ጋር ማስተያየት ይገባል። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዐሊ ጦሩን ወደ ደቡብ የላከው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። ያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1504 የተመሠረተውን የሰናር የፉንጅ ሱልጣኔት በ1821 አጥፍቶ ቤንሻንጉልን እስከሚያዋስነው እስከ ፋዞግሊ ዘለቀ። በ1838 እና በ1839 ደግሞ ሰባ ዓመት የተጠጋው መሐመድ ዐሊ ራሱ ወርቁን ለማየት እስከ ፋዞግሊ ድረስ ተጓዘ። እ.ኤ.አ. በ1897 እና በ1898 የዐፄ ምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት ወደ ቤንሻንጉል ዘመተ፤ የ1902ቱ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ውልም ምድሩን በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ አጸናው። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ለማዕከላዊው መንግሥት የሚገብሩት ወርቅ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዘመቻዎችና ግብሮች ወርቁ እጅግ ተከብሯል፤ ስለተከበረም ተቆፈረ፣ ታጠበ፣ ተመዘነ፣ ተጫነ፣ ሰውም ሞተለት። ዋጋው በጨመረ ቁጥር የሚዘረጋለት እጅ በዛ። የዐለቱ ክብር ግን እጅን ይመልሳል። አንዱ ክብር «ውሰደኝ» ይላል፤ ሌላው «ተወኝ» ይላል። ሁለቱን በአንድ ቃል ስለጠራናቸው ብቻ አንድ አይሆኑም፤ አክብሮትን በዋጋ መለካት የማይቻለውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፦ መታቀብ ብቻውን እንዴት አክብሮት ይሆናል? ሰው በስሌትም ይታቀባል። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ ስለ አክሱም ንግድ የጻፈው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የንጉሡ ሰዎች ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ሄደው በሬ ያርዳሉ፤ ሥጋውን፣ ጨዉንና ብረቱን አስቀምጠው ፈቀቅ ይላሉ። የአገሩ ሰው ቀርቦ በወደደው ዕቃ ላይ ወርቅ አኑሮ ይመለሳል። ባለ ዕቃው በወርቁ ከረካ ያነሣዋል፤ ካልረካ ትቶት ይቆያል። ሁለቱ ወገኖች አንድ ቋንቋ ሳይኖራቸው፣ አንዱ በሌላው ዕቃ ላይ እጁን ሳያሳርፍ ይገበያያሉ። ሳሱ የት እንደነበረ ብዙ ተከራክረውበታል፤ ወደ ፋዞግሊና ቤንሻንጉል አካባቢ የሚጠቁሙ ምሁራን አሉ። ይህ መታቀብ የሚደነቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ገና ጥልቅ አክብሮት አይደለም። ነጋዴው እጁን የሚሰበስበው ወርቁ እስኪበቃው ድረስ ነው፤ ዋጋው ሲሞላ ዕቃው ይነሣል። ጥልቅ አክብሮት የሚጀምረው ዋጋ ቢሞላም የማይነሣ ነገር ሲኖር ነው። ስለዚህ መለያውን እናጥብቀው፦ አክብሮት ማለት በሚችል እጅ፣ እያወቁ፣ ያለ ዋጋ መታቀብ ነው። አቅም ስላጣ የማይነካ ፈሪ ነው፤ ግድ ስለሌለው የማይነካ ቸልተኛ ነው፤ ዋጋ ስለሚጠብቅ የማይነካ ነጋዴ ነው። የሚያከብር ሰው ከሦስቱም ይለያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሃይማኖት ይመጣል። ድንጋይን ማክበር ከጣዖት አምልኮ በምን ይለያል? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በርታዎች በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸውና፣ እስልምና ደግሞ ከአላህ ሌላ የሚመለክ እንደሌለ በጽኑ ያስተምራል። መልሱ በሁለቱ ታላላቅ ሃይማኖቶቻችን ትምህርት ውስጥ አለ። የኦርቶዶክስ ሊቃውንት የአምልኮ ስግደትን ለእግዚአብሔር ብቻ ያደርጉታል፤ ለእመቤታችን፣ ለቅዱሳንና ለመስቀል የሚቀርበውን የጸጋና የአክብሮት ስግደት ብለው ይለዩታል። በእስልምናም ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር የካዕባን ጥቁር ድንጋይ ሲስሙ፣ የማይጠቅምና የማይጎዳ ድንጋይ መሆኑን እንደሚያውቁ፣ የሚስሙትም ነቢዩ ሲስሙት ስላዩ ብቻ መሆኑን መናገራቸው በሐዲስ ተመዝግቧል። አምልኮ ከሚመለከው ይለምናል፤ ሕይወትንና ዕጣን ከእርሱ እጅ ይጠብቃል። አክብሮት ከሚከበረው ነገር ምንም ባይጠብቅም ይጸናል። ድንጋዩ ዝናብ ያመጣል ብሎ ማመን አንድ ነገር ነው፤ የአባቶቼ ስም የቆመበት ነውና አልደፍረውም ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው እምነት በሌላ እምነት ቢተካም ሁለተኛው ሊኖር ይችላል። አብዛኛው በርታ ሰግዶ የሚጸልየው ወደ መካ ዞሮ ነው፤ አገሩን ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በዐለቱ ስም ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። አክብሮት የበላይና የበታች ሥርዓት ማስጠበቂያ አይደለምን? አማርኛ «አንተ»ን ከ«እርስዎ» ይለያል፤ ባለ ሥልጣኑ «ክቡር» ይባላል፤ ድኻው ግን በስሙም ሳይጠራ ያልፋል። የአሶሳ ታሪክ ይህን ክስ ያጠናክረዋል። ሼህ ሆጀሌ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ አካባቢው በስማቸው ተጠርቶ ዛሬ «ሸጎሌ» እንለዋለን። «ሼህ» የሚለው የክብር መጠሪያ ከስማቸው ጋር ተዋሕዶ፣ መጠሪያ መሆኑ እንኳ እስኪረሳ ድረስ በከተማው ታትሟል። የእርሳቸውና የባለቤታቸው የሲት አምና ስም ግን በታሪክ ሰነዶች ከባሪያ ንግድ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ከእነዚያው ተራሮች የተፈነገሉት ሰዎች የገዛ ስማቸውን ተነጥቀዋል፤ በመሐል አገር አማርኛም በርታውን፣ ጉሙዙን፣ ማኦውንና ኮሞውን «ሻንቅላ» በሚል የሚያዋርድ ስም ጠቅልሎ ሲጠራ ኖሯል። የባርነትን ሕጋዊነት የሻረው አዋጅ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲወጣ፣ ቃሉ ግን ከአፍ ሳይወጣ ብዙ ቆየ። «እርስዎ» የሚል ትሕትና ያለው ቋንቋ ያንንም ስድብ በአንድ አፍ ይዞ ነበር። ይህ ሊካድ አይገባም። ከዚህ የምንማረው ግን የአክብሮት ቃልና አክብሮት ሁለት መሆናቸውን ነው። ለኃያል የሚሰጥ ማዕረግ ብዙ ጊዜ ከፍርሃት ወይም ከጥቅም ይወለዳል፤ ኃያልን መድፈር ዋጋ ያስከፍላልና። አክብሮት የሚፈተነው ብንደፍረው ማንም የማይጠይቀን ሰው ፊት ስንቆም ነው። የባሪያ ንግድ ዘመን ማዕረግ የሞላበት፣ አክብሮት የጠፋበት ዘመን ነበር።

አራተኛው ጥያቄ ደግሞ ከክልከላው ጎን ይነሣል። አክብሮት መታቀብ ከሆነ፣ ነባር ክልከላ ሁሉ ሊከበር ነው ማለት ነውን? በጉሙዝ ነባር ልማድ ወላድ ሴት ከመንደር ወጥታ በጫካ ብቻዋን ትወልድ ነበር፤ ደሟ በመንደሩ ላይ መዓት ያመጣል ተብሎ ይፈራ ነበርና። ይህም ክልከላ ነው፤ ይህም ከአባቶች የተወረሰ ነው። ነገር ግን ከላይ ባጠበቅነው መለያ ስንመዝነው አክብሮት ሆኖ አይገኝም። የዐለቱ ክልከላ የሚመልሰው ድንጋይ ሊሰብር የሚችለውን እጅ ነው፤ የጫካው ክልከላ የሚጥለው ግን በምጥ የተያዘችውን፣ አቅም ያነሳትን ሴት ነው። በመጀመሪያው የታቀበው ብርቱው ነው፤ በሁለተኛው መከራው የወደቀው በደካማዋ ላይ ነው። ክልከላ አክብሮት የሚባለው የሚችለውን ሲገታና የማይችለውን ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ ወላዷ በጤና ጣቢያ፣ በሰው መካከል፣ በረዳት እጅ እንድትወልድ የሚደክሙ የጤና ባለሙያዎች የጉሙዝን ክብር አላጎደሉም። ወሰኑን ወደሚገባው ቦታ መለሱት፤ የሚፈራው ደሟ መሆኑ ቀርቶ የሚጠበቀው ነፍሷ ሆነ።

ይህ ሁሉ ጥንታዊ ነገርን የመመርመር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ቤንሻንጉል ጉሙዝን ከፌዴሬሽኑ አባላት አንዱ አድርጎ ዘርዝሯል፤ በዚህም በዐለት የተጠራ አገር የክልል ስም ሆነ። በዚያው ሰነድ አንቀጽ 14 የሰው ልጅ በሕይወት የመኖር መብት ሲነገር «የማይደፈር» የሚል ቃል ገብቷል። ሕግ አርቃቂዎቹ ከአማርኛ ቃላት ሁሉ መርጠው ያስቀመጡት ይህንኑ የወሰን ቃል ነው። የሰው ሕይወት «ውድ» ነው ቢሉ ኖሮ ዋጋ ባሰቡበት ነበር፤ ውድ ነገር ሌላ ውድ ነገር ሲመጣ ይለወጣል። «የማይደፈር» ሲሉ ግን ከለውጥና ከድርድር አወጡት። ይህ ቃል ሲጣስ ምን እንደሚመጣ ክልሉ በመራራ ሁኔታ አይቷል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ፣ በኩጂ በተባለች ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ በዚያና በተከታዩ ዓመት በዞኑ የልዩ ልዩ ብሔረሰብ ሰዎች ሞተዋል፣ ተፈናቅለዋል። ከዚያ በፊት በየበዓሉ «የተከበራችሁ» ተባብሎ ያልተነጋገረ ወገን አልነበረም። ያልጸናው ወሰኑ ነበር። ጉሙዞች ማንጊማ የሚሉትን የመሰሉ ነባር የዕርቅ ሥርዓቶች ዋጋቸው እዚህ ላይ ይታያል፤ በቀሉን ለመመለስ አቅም ያለው ወገን በሽማግሌ ፊት እጁን እንዲሰበስብ ያደርጋሉና። በዕርቅ የተገታ በቀል ከአንድ ሺሕ የሙገሳ ንግግር በላይ የአክብሮት ሥራ ነው።

እንግዲህ ቃሉን በአግባቡ እንጠቀምበት። የተዋበ ነገር ሲያስደስተን ያደረብን አድናቆት ነው። ኃያሉ እንዳይጎዳን ዝቅ ስንል ያደረብን ፍርሃት ነው። ሰው ምን ይለኛል ብለን ስንታረም ያደረብን ይሉኝታ ነው። ሕይወታችንን በእጁ ለያዘው ለፈጣሪ የምናቀርበው አምልኮ ነው። ልናደርገው እየቻልን፣ ማንም ሳያየን፣ ዋጋ ሳንጠብቅ ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ነገር ላይ እጃችንን ስንሰበስብ ግን ያደረብን አክብሮት ነው። አምስቱ በአንድ ልብ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ሲቀላቀሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠፋው አምስተኛው ነው፤ ድምፅ የለውምና። ይህ መለያ ለመንግሥት ሹም፣ ለማዕድን ቆፋሪ፣ ለጋዜጠኛም ይሠራል። የአንድን ሕዝብ ባህል እናከብራለን የሚል ሁሉ በመድረክ ካስጨፈረው ዘፈን በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፦ ይህን ሕዝብ ስለምታከብር ልታደርግበት እየቻልክ የተውኸው ምንድን ነው? ከመሬቱ፣ ከስሙ፣ ከሰውነቱ ላይ የሰበሰብኸው እጅ የትኛው ነው? መልስ ያለው ሰው ያከብራል። መልስ የሌለው፣ ንግግሩ ያማረ ቢሆንም፣ ገና ማክበር አልጀመረም።